ዶሮ የማይሞትበት ወረቀት

የቢሯችን ሒሳብ ሹም የዶሮውን ወረቀት የጀመሩት ጡረታ ሊወጡ ስምንት ዓመት ሲቀራቸው ነው። ረፋድ ላይ ሻይ ሲመጣ ጋሼ መነጽራቸውን በሸሚዛቸው ጫፍ ወልወል ያደርጉና ከመሳቢያቸው አራት ቦታ የታጠፈች ወረቀት ያወጣሉ። 500 ጫጩት። 500 ጫጩት በአምስት ወር 500 ዶሮ። 500 ዶሮ በቀን 500 እንቁላል፣ በወር 15,000። ከዚያ በእንቁላል ዋጋ ይባዛል፤ ዋጋው በየበዓሉ ስለሚንር የድሮው በእስክሪብቶ ተሰርዞ አዲሱ ከጎኑ ይጻፋል። ስምንት ዓመት ሙሉ በዚያች ወረቀት ላይ አንዲት ዶሮ ታማ አታውቅም። ፈንግል አልገባም። ሸለምጥማጥ በዚያ ሰፈር አላለፈም። ከ500ው ጫጩት ወንድ ሆኖ የተፈለፈለ የለም። «መኖ» የሚል መስመር አለ፤ ከጎኑ ግን «በኋላ ይጠናል» ተብሎ ታልፏል።

ሰው በዚህ ይስቃል። እኔ ግን ወረቀቷ ስትወጣ ብድግ ብዬ እጅ መንሣት ነው የሚያምረኝ።

ይህ አገር ብዙ ነገር ጎድሎት ይሆናል፤ «ጡረታ ስወጣ» የሚል ሰው ግን ጎድሎት አያውቅም። ጨዋ ሕዝብ ነን። ኑሮን እንደ እንግዳ ብርጭቆ ቡፌ ውስጥ ደርድረን ቆልፈንባታል፤ አቧራዋን በየሳምንቱ እናራግፋለን፣ አንጠጣባትም። ሶፋው ሲገዛ የመጣበትን ላስቲክ እስከ ዛሬ ያልገፈፈ ሰው ሕይወትን ያህል ነገር እንዴት ዝም ብሎ ይጀምራል?

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ያሉት አበው እኛን መውረፋቸው ነበር። የሰማይ ላም ያላትን ጥቅም ግን አላሰቡበትም። ገለባ አትጠይቅም፤ ጥጃዋ አይሞትባትም፤ የጎረቤት ጎመን ገብታ አታጣላም። ለመሆኑ በዚህ የገለባ ዋጋ የምድር ላም ያለው ሰው ወተቷን ያያል እንዴ?

በእኛ ፎቅ ላይ ብቻ ያለውን ሀብት ልቁጠርላችሁ። መዝገብ ቤት ያለችው እህታችን ጡረታ ስትወጣ ላሊበላን ታያለች። አሁን ለምን አትሄጂም ስትባል፣ «800 ዓመት የቆመ ድንጋይ እኔን ሃያ ዓመት መጠበቅ ያቅተዋል?» ትላለች፤ መልስ የለኝም። የግዥ ባለሙያው መጽሐፍ ይጽፋል። ርዕሱ አልቋል፤ መታሰቢያነቱ ለባለቤቱ መሆኑም ተወስኗል፤ የቀረው መካከሉ ነው። ሹፌራችን ጥርሱን ያስተክላል፤ እስከዚያው በግራ በኩል ያኝካል። አንዱ ደግሞ ንስሐ የሚገባው ያኔ ስለሆነ ለጊዜው ኃጢአቱን በዱቤ እየወሰደ ነው። የራሴን አልነግራችሁም፤ ከበግና ከቢሾፍቱ ጋር የተያያዘ ነው።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን ከእኔ ፊት ለፊት የሚቀመጠው ነው። እናቱ ደብረ ብርሃን ናቸው፤ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ጧት ወጥቶ ለምሳ ይደረሳል። «ጡረታ ስወጣ እየተመላለስኩ እጠይቃታለሁ፤ እንዲያውም አብሬያት ነው የምከርመው» ይላል። እሱ 51 ዓመቱ ነው፣ እሳቸው 84። ታዛዥ እናት ናቸው፤ እየጠበቁት ነው።

«ጡረታ» የሚለው ቃል ራሱ «ጦረ» ከሚለው መምጣቱን ልብ በሉ። መጦር ማለት የደከመ ወላጅን ማብላት፣ ማልበስ፣ ደግፎ ማውጣት ማግባት ነበር፤ «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» የሚባለውም ለዚህ ነው። እኛ መጦሩን ለአዋጅ አስረከብን፣ መቅበሩን ዕድር ይዞታል፤ በዚህ ዓይነት ልጆቻችንን ነጻ አወጣናቸው። ብዙ ቤት ውስጥ እንዲያውም ነገሩ ተገልብጦ የ60 ዓመቱ አባት ሥራ ያጣ የ30 ዓመት ልጁን እየጦረ ነው። ይህም የዕድገት ምልክት ይሆናል።

አዋጁም ቢሆን ሕልመኛን ያከብራል። የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ስሌቱን ቁልጭ አድርጎ አስቀምጦታል። በየወሩ ሠራተኛው ከደመወዙ 7 በመቶ፣ መሥሪያ ቤቱ 11 በመቶ ያዋጣሉ። አሥር ዓመት ያገለገለ ሰው 60 ሲሞላው የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዙ 30 በመቶ ይሰጠዋል፤ ከዚያ በላይ ላገለገለበት ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይታከልለታል፤ ጣሪያው 70 ነው። ሠላሳ ዓመት ወንበር ያሞቀ እንግዲህ 55 በመቶ አገኘ ማለት ነው። ጣሪያውን በራሱ አናት መንካት ያማረው 42 ዓመት ያስፈልገዋል፤ 18 ዓመት በሞላው ማግስት ተቀጥሮ አንድም ቀን ሳይሰናበት 60 እስኪሞላው ቢሠራ፣ ልክክ ይላል። ጋሼ ይህን ከማንም አብልጠው ያውቁታል፤ ጡረታ የሚወጣውን ሁሉ ሒሳብ የሚያሰሉት እሳቸው ናቸው። የራሳቸውን ግን በዶሮው ወረቀት ላይ አላሰፈሩትም። እንዲህ ያለ ቁጥር ዶሮ ያስደነግጣል።

መንግሥትም በትዕግሥት አሠልጥኖናል። በ1997 በ40 ዓመቱ ለኮንዶሚኒየም የተመዘገበ ጎልማሳ በ2017 ስድሳ ሞልቶታል። በመሀሉ ሐምሌ 2014 ላይ አንድ ዕጣ ወጣ፤ ተጭበርብሯል ተብሎ ተሰረዘ፤ እንደገና ወጣ። ቁጠባው አልተቋረጠም። ከብዙ ጸሎት በኋላ የደረሰው እንደሆነ አራተኛ ፎቅ ይሆናል፣ አሳንሰር የለውም፤ የባለ ዕድሉ ጉልበት ሦስተኛው ላይ ጡረታ ወጥቷል።

በውጭ ያሉትን ወገኖቻችንን ካላነሣሁ ግን ይህ ሁሉ ውዳሴ ጎደሎ ነው፤ የዚህ ጥበብ ሊቃውንት እነሱ ናቸው። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ቡና ላይ ቁጭ በሉ፤ «ሁለት ዓመት ብቻ ነው፣ ከዚያ አገሬ ጠቅልዬ ነው የምገባው» የማይል ካገኛችሁ ገና ትናንት የመጣ ነው። ሁለት ዓመቱ ይታደሳል። የአሜሪካን ሶሻል ሴኩሪቲ እንደ ዳዊት ደግመውታል፤ ከ1960 (በፈረንጆቹ) ወዲህ የተወለደ ሙሉውን የሚያገኘው በ67 ዓመቱ ነው፣ 62 ላይ መውጣት ይቻላል ግን ይቆረጣል። በዚህች የአምስት ዓመት ልዩነት ላይ ሠርግና ለቅሶ ላይ ሳይቀር ጉባኤ ይደረጋል።

አንድ የማውቀው ሰው ሲኤምሲ አካባቢ ባለ ሁለት ፎቅ ቤት ሠርቷል፤ ለጡረታው ነው። አምስት መኝታ ቤት፣ ከደጅ በረንዳ፣ ከጓሮ አቮካዶ። ግቢውን የሚጠብቁት አንድ አዛውንት ናቸው። በጧት ፀሐይ በረንዳው ላይ ጋቢያቸውን ደርበው ይሞቃሉ። ጎመን ተክለዋል፤ ከሰዓት ሬዲዮ ከፍተው ጋደም ይላሉ። ባለቤቱ በሌሊት ታክሲውን አቁሞ በቪዲዮ ይደውላል፤ ስልኩን በግቢው ዙሪያ ያዞሩለታል።

«አቮካዶው እንዴት ነው?» ይላል።

«ይጣፍጣል፣ ጌታዬ።»

ይህ እንግዲህ ንጹሕ ልግስና ነው። ሰው ለድኻ ልብስ ይሰጣል፣ ምሳ ይጋብዛል፤ የገዛ ጡረታውን እንዳለ አንሥቶ ለዘበኛው የሰጠ ግን በየትኛው አገር ታይቷል?

እኛ ጋ ጡረታ የሚወጣ ሰው ሽኝቱም ደስ ይላል። የስብሰባ አዳራሹ ውስጥ ቆሎና ለስላሳ ይቀርባል፤ ሰውየውን በስም የማያውቀው አዲሱ ኃላፊ ስለ ሰውየው የሥራ ፍቅር ይናገራል፤ ካባ ይደረባል፣ የግድግዳ ሰዓት ይሰጣል። ከነገ ጀምሮ የትም በሰዓቱ ድረስ ለማይባል ሰው ትልቅ ሰዓት። ባትሪው አብሮ አይሰጥም።

የጋሼ ተራ ዘንድሮ ነበር። በመንደራቸው አቆጣጠር 63 ናቸው፤ በመዝገብ ግን 59 ከመንፈቅ፤ የሚጸናው ደግሞ መጀመሪያ ሲቀጠሩ የሞሉት ነው። ሰሞኑን ሻይ ሲመጣ ወረቀቷ አልወጣችም። ሁለተኛው ቀንም አልወጣችም። በሦስተኛው ቀን ወንበራቸውን ወደ እኔ ሳብ አድርገው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«አንተ ልጅ፣ የእጅ ጽሑፍህ ያምራል። እስቲ ይቺን ገልብጥልኝ።»

ማመልከቻ ነበር። «ጉዳዩ፦ የአገልግሎት ዘመን እንዲራዘምልኝ ስለመጠየቅ» ይላል። ያካበቱትን ልምድ ለተተኪው ሳያወርሱ መሄድ ሕሊናቸው አልፈቀደም፤ ጤንነታቸው የተሟላ ነው፤ መሥሪያ ቤቱ በአሁኑ ወቅት የሰው ኃይል እጥረት አለበት። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጌ ሳነበው ከበስተጀርባው ሌላ ጽሑፍ ይነበባል፤ 500 ጫጩት፣ 500 ዶሮ፣ በወር 15,000። ረቂቁን የጻፉት በዚያችው ወረቀት ጀርባ ነው።

አሳምሬ ገለበጥኩላቸው። በሦስተኛው ሳምንት ለሁለት ዓመት ተፈቀደላቸው። ጋሼ ደብዳቤውን ተቀብለው ፈረሙ፣ ወረቀቷን በጥንቃቄ አራት ቦታ አጥፈው ወደ መሳቢያዋ መለሷት፣ ሻያቸውንም ሁለት ማንኪያ ስኳር ጨምረው አማሰሉ።

«ክፋት የለውም» አሉ። «እስከዚያ የእንቁላል ዋጋም ይጨምራል።»