ባለ ቀንዱ ፈረስና የአክስቴ በርበሬ

ገና አክሲዮኑን ለገበያ ሳያቀርብ ዋጋው 1 ቢሊዮን ዶላር የደረሰን ጀማሪ ኩባንያ ፈረንጆቹ «ዩኒኮርን» ይሉታል። የተረቱ ባለ አንድ ቀንድ ፈረስ መሆኑ ነው። ይህን ደሴ ላለችው አክስቴ በስልክ ሳስረዳት፣ «ፈረስ ቀንድ አወጣ? የእናንተ አገር ጉድ አያልቅ!» ብላ ሳቀች።

ያን ጊዜ ኮሮና ሁለታችንንም ቤት አስቀምጦን ነበር። እኔ ቨርጂኒያ ውስጥ በስልክ የሚጠራ ታክሲ እነዳለሁ። ኤርፖርቱ ጭር ሲል ስልኬም ጭር አለ። ለድርጅቱ ብጽፍ «እጅዎን ይታጠቡ» የሚል መልስ ላከልኝ። ለካ ሠራተኛቸው አይደለሁም፤ በራሴ የምሠራ ኮንትራክተር ነኝ።

አክስቴ ሰኞ ገበያ አካባቢ የባልትና ሱቅ አላት። ዋና ገቢዋ ሰርግ ነው። መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው በሽተኛ አዲስ አበባ ተገኘ ተባለ። ወር ሳይሞላ አስቸኳይ ጊዜ አዋጅ መጣ፤ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ። በአራት ሰው ሰርግ አይደገስ። ወሎ ውስጥማ ቡናም በአራት ሰው አይጠጣም።

ኤርቢኤንቢ የተባለው ዩኒኮርንም ያው ነው የደረሰበት። የሰዎችን ቤት ለእንግዳ ማደሪያ የሚያከራይ ኩባንያ፣ መንገደኛ ሲጠፋ ምን ይሸጣል? አውሮፕላን የፈራ ሰው መኪናውን አስነስቶ ቅርብ ቦታ ማደር እንደሚፈልግ ገባውና ፊቱን ወደዚያ አዞረ። አክስቴም በኩንታል ታስፈጭ የነበረውን በርበሬ በግማሽ ኪሎ ላስቲክ ማሸግ ጀመረች። ትዕዛዝ በስልክ፣ ማድረስ በባጃጅ። ቴሌብር ገና አልመጣም፤ ብሩን ይዞላት የሚመለሰው ባለባጃጁ ነበር። ብልሃቱ አንድ ነው፤ እሷ ግን ይህን ብላት «ሂድ ወዲያ» ነው የምትለኝ።

የሚለየው የክፉ ቀን ገንዘቡ ነው። ኤርቢኤንቢ በኤፕሪል 2020 ብቻ 2 ቢሊዮን ዶላር ተበደረ። አክስቴ ዕቁቧ ተቋርጦ፣ የተረፋት የቅሬው፣ ማለትም የዕድሩ፣ ሰው «አብሽሪ» ማለቱና የዱቤ ደብተሯ ነበር። ደብተሩ ላይ ደግሞ አበዳሪዋ ራሷ ናት!

ኩባንያው በሜይ ወር 1,900 ያህል ሠራተኛ አሰናበተ፤ ከአራቱ አንዱን ማለት ነው። አክስቴ ሱቅ የምታግዛትን ልጅ አላሰናበተችም። እዚህ ላይ «አይ የኛ ሰው!» ልል ቃጥቶኝ ነበር። ግን የተባረሩት ቢያንስ የ14 ሳምንት ደሞዝ ተከፍሏቸዋል፤ አሜሪካ ያሉት የዓመት የጤና መድንም ተጨምሮላቸዋል። ልጅቷ እየበላች፣ እያደረች፣ ሦስት ወር ያለ ደሞዝ ሠራች። የቱ ይሻላል ብትሉኝ፣ ልጅቷን ሳልጠይቅ አልመልስም።

በዲሴምበር 2020 የኤርቢኤንቢ አክሲዮን ገበያ ወጣ፤ በመጀመሪያው ቀን የኩባንያው ዋጋ ከ100 ቢሊዮን ዶላር አለፈ። አክስቴም ማንሰራራት ጀምራ ነበር። በእኛ አቆጣጠር በ2014 ግን የሰሜኑ ጦርነት ደሴ ገባ። ሱቋ ተዘረፈ፣ ሚዛኗ ሳይቀር። ስትሸሽ የያዘችው ልብስና ደብተሩን ነው።

ባለፈው ስሄድ ያን ደብተር አገላበጥኩት። ዳሩ በርበሬ ነክቶታል። መጨረሻው ገጽ ላይ በእሷ እጅ ጽሑፍ «ያለብኝ» የሚል አገኘሁ፤ ከሥሩ የልጅቷ የሦስት ወር ደሞዝ። ሁለቱ ወር ተሰርዟል።