ድሃው እምነቱን በዱቄት አይለውጥም

ሰሞኑን በአንድ የሬዲዮ ውይይት ላይ የቀረቡ አስተያየት ሰጪ፣ የጴንጤቆስጤ አብያተ ክርስቲያናት በመሀል አዲስ አበባ የሚሰጡትን የምሕረት አገልግሎት «አባል ማብዣ ዘዴ ነው» አሉ። በዚህም አላበቁም፤ ቤተ ክርስቲያን የምታድለው ምግብና ልብስ ሁሉ በወረዳ በኩል ብቻ እንዲያልፍ ጠየቁ። አወያዩ «ጥሩ ነጥብ ነው» ብሎ ወደ ማስታወቂያ አለፈ። ጥሩ ነጥብ አይደለም። የጴንጤቆስጤዋ የሙሉ ወንጌል ቤተ ክርስቲያን ልጅ ነኝና ገለልተኛ ነኝ አልልም፤ ነገር ግን ይህ ንግግር ከእኛ ይልቅ የሚሰድበው ድሃውን ነው።

«በዘይትና በዱቄት ሃይማኖት ያስለውጣሉ» የሚለው ክስ ያረጀ ነው፤ ታሪክ ሲጠየቅ ግን አንዲት ደቂቃ አይቆምም። የፊንላንድና የስዊድን ሚስዮናውያን ሥራ ሳይካድ፣ ሙሉ ወንጌልን ያቆሙት በ1950ዎቹ በአዳማ፣ በሐረርና በአዲስ አበባ ለጸሎት ይሰበሰቡ የነበሩ ተማሪዎች ናቸው። ለራሳቸው የትራንስፖርት የሌላቸው ልጆች ለማን ዱቄት ሊያድሉ? ሕጋዊ ዕውቅና ጠየቁ፤ ተከለከሉ። በ1964 ዓ.ም. እዚሁ አዲስ አበባ ከ200 በላይ ሰዎች ለአምልኮ ከተሰበሰቡበት ታፍሰው ታሰሩ። ደርግ ሲመጣ ደግሞ አዳራሹ ተዘጋ፤ ምእመኑ በየሰው ሳሎን አምስትም ስድስትም እየሆነ፣ መጋረጃ ዘግቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ እየዘመረ ከረመ። በዚያ ዘመን ጴንጤ የሆነ ሰው ትርፉ ምን ነበር? ከሥራ መባረር፣ ዱላ፣ እስር።

የሕዝብ ቆጠራውም አለ። ጴንጤቆስጤውን ከሌላው ወንጌላዊ ለይቶ ባያሳይም፣ በ1976 ዓ.ም. ፕሮቴስታንቱ በጠቅላላ ከአገሪቱ ሕዝብ 5.5 በመቶ ነበር፤ በ1987 ዓ.ም. 10.2 በመቶ ሆነ። በሁለቱ ቆጠራዎች መካከል ካሉት 11 ዓመታት ሰባቱ የደርግ ናቸው። እስቲ አስተያየት ሰጪው ይንገሩን፤ ተደብቀን ስንጸልይ በነበረበት ጊዜ ዘይቱን ማን አደለ? በ1999 ዓ.ም. 18.6 በመቶ የደረሰውን ሕዝብስ በየትኛው መጋዘን ዱቄት ሊያስረዱን ነው?

ዕርዳታው የመጣው ከዕድገቱ በኋላ ነው። እንዲያውም የተማርነው እስር ቤት በር ላይ ነው። ሽማግሌዎቻችን እንደሚነግሩን አንድ ወንድም ሲታሰር ስንቁን የሚያመላልስ ይመደባል፤ የቤት ኪራዩ ይዋጣለታል፤ ልጆቹ ጤፍ አያጡም ነበር። የዛሬው የወህኒ ቤትና የሆስፒታል አገልግሎት የዚያ ልማድ ልጅ ነው።

እሁድ ከአምልኮ በኋላ ወደ ጥቁር አንበሳ የሚሄዱትን እናቶች አውቃቸዋለሁ። አጥሚቱ በፔርሙስ ነው፣ ፎጣና ሳሙናው በፌስታል። ከክፍለ ሀገር መጥቶ አስታማሚ የሌለውን ታካሚ ፈልገው አልጋው አጠገብ ይቀመጣሉ። ፊቱን ያጥቡታል፣ ጥፍሩን ይቆርጡለታል፣ የታዘዘለትን መድኃኒት ከውጭ ገዝተው ያመጡለታል። አንገቱ ላይ ማተብ አለ፤ ማንም አይነካበትም። የሚቀጥለው አልጋ ላይ ያሉት አባት ሙስሊም ናቸው። «ልጸልይልዎት አባቴ?» ብለው ይጠይቃሉ፤ አይሆንም ካሉ አጥሚቱ አይቀርባቸውም። አብዛኛው ታካሚ ሲሻለው ወደ አገሩ፣ ወደ ደብሩና ወደ መስጊዱ ይመለሳል። አባል ማብዛት ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የከፋ ስልት የለም።

ደግሞስ በየወሩ የሚካኤል ዝክር ላይ ለተራበ ዳቦ የሚቆርሱ እናቶች ነፍስ ሊገዙ ነው የሚል ማን አለ? በረመዳን ለማያውቁት ሰው ማፍጠሪያ የሚያቀርቡትን ማን ይከሳቸዋል? ማንም፤ አይገባምም። ያው እንጀራ በጴንጤ እጅ ሲሆን ብቻ ለምን ወጥመድ ይባላል?

ነቢይ ነኝ እያሉ በመድረክ የድሃ ኪስ የሚያራቁቱ መኖራቸውን አልክድም። እነሱን እኛም አሳምረን እንቃወማቸዋለን። በነሱ ሰበብ ግን ፔርሙስ የያዘችውን እናት መጠርጠር ነውር ነው።

ስለ ወረዳው ልናገር። ከተማው የምገባ ማዕከላት ከፍቷል፤ እሰየው፣ ይብዛ። ግን ካዛንቺስ ሲፈርስ ሰዉ ገላን ጉራና ሌላም ሌላም ቦታ ተበተነ፤ ዕድሩ፣ ማኅበሩ፣ ቡና የሚያጣጣ ጎረቤቱ አብሮ ተበተነ። ለአዛውንቱ ምሳ ብቻ አይበቃም፤ ስሙን ጠርቶ «ዛሬ ለምን ቀሩ?» የሚለው ሰው ያስፈልገዋል። ያንን ሰው ወረዳ በደብዳቤ መድቦ አይልከውም። በኅብረት የተሳሰረ ምእመን ግን ሁለት ታክሲ ይዞ ይሄዳል፣ ይሄዳልም።

ቁጥጥር ከሆነ የተፈለገው፣ የአብያተ ክርስቲያናት የልማት ድርጅቶች በሲቪል ማኅበረሰብ ሕግ ተመዝግበው ሂሳባቸውን ያስመረምራሉ፤ የሚጠራጠር መዝገቡን ይጠይቅ። እጃችንን ሰብስበን አዳራሽ ውስጥ ብቻ እንድንዘምር ከሆነ ግን፣ እሱን በዱላውም ዘመን እሺ አላልንም።