ፕሮሰስህን ለሰው አትስጥ

ጅማ ውስጥ አንድ ወጣት አግኝታችሁ «ምን እየሠራህ ነው?» ብትሉት ከምትሰሟቸው መልሶች አንዱ «ፕሮሰስ ላይ ነኝ» ነው። የምን ፕሮሰስ? «ካናዳ ይመስለኛል። ካልሆነም ፖላንድ። ልጁ ነው የያዘልኝ።» ልጁ ማን ነው? ቢሮ የለውም፤ ቴሌግራም ግን አለው። ቅጹን የሞላው ልጁ ነው፣ ኢሜይሉን የከፈተው ልጁ ነው፣ የይለፍ ቃሉም ያለው ልጁ ጋ ነው። ተጓዡ በእርግጠኝነት የሚያውቀው የከፈለውን ብር ብቻ ነው።

ስለ ውጭ ጉዞ ለሚጠይቁኝ ሁሉ የምመልሰው አንድ ነው፤ ፕሮሰስህን ራስህ ያዝ። አትሂድ አልልም። «አገራችሁ ላይ ሥሩ» የሚል ስብከትም የለኝም፤ እሱን ከሚሰብኩት ብዙዎቹ ልጆቻቸውን ቀድመው የላኩ ናቸው። ግን ቃለ መጠይቅ ላይ መስታወቱ ፊት የምትቆመው አንተ ነህ። «ይህንን ትምህርት ለምን መረጥከው?» ስትባል ልጁ የጻፈልህን ደብዳቤ አላነበብከውም። ያው ደብዳቤ ስሙ ብቻ እየተቀየረ ለስንት ሰው እንደተላከ ደግሞ አላህ ይወቀው።

ሰው ቪዛ የሚከለከለው አዲስ አበባ፣ ኤምባሲ በር ላይ ይመስለዋል። ብዙ ጊዜ ግን ነገሩ የሚበላሸው እዚሁ ቀበሌያችን ውስጥ ነው። ስም እንውሰድ። የጅማ ልጅ የልደት ምስክር ወረቀት በአፋን ኦሮሞ ነው የሚሞላው፣ በቁቤ። በቁቤ «ጫልቱ» ስትጻፍ በ«ሲ» ብቻ ትጀምራለች፣ አናባቢዎቿም ይደገማሉ። የትምህርት ቤት ካርዷ ላይ ግን «ሲ» እና «ኤች» ተደርበው ተጽፈዋል፣ አናባቢውም ነጠላ ነው። ጥላሁን በቁቤ በ«ኤክስ» ይጀምራል፤ ዲግሪው ላይ በ«ቲ»። መሐመድን ተዉት፤ የአንድ ቤት ወንድማማቾች የአባታቸውን ስም እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ፊደል ጽፈውት ታገኛላችሁ። እኛ ለምደነዋል፤ ሰውየው አንድ መሆኑን እናውቃለን። በርሊን ወይም ኦታዋ ተቀምጦ ፋይሉን የሚያገላብጠው ሠራተኛ ግን የሚታየው ሁለት ሰው ነው። ሲከፋም የተጭበረበረ ሰነድ።

የዘመን አቆጣጠሩም አለ። በእኛ 1992 የተወለደ ልጅ ቅጹ ላይ 1992 ብሎ ከሞላ እዚያው ሰባት ስምንት ዓመት አረጀ ማለት ነው። ማን እንዲህ ይሳሳታል ትሉ ይሆናል። ኢንተርኔት ቤት ገብታችሁ፣ መብራት ሳይጠፋ ልጨርስ ብሎ የሚጣደፈውን ሞዪ፣ ከኋላ የተሰለፈውን ሰውና «ስንት ዓመተ ምሕረት ነው?» ብሎ ሳያጣራ የሚጫነውን ቁልፍ እዩ።

ስለዚህ ፓስፖርት ከማውጣትህ በፊት ወረቀቶችህን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ዘርጋቸው። ልደት፣ ፋይዳ፣ ትራንስክሪፕት፣ ዲግሪ፣ ካገባህም የጋብቻው ወረቀት። ፊደል በፊደል አነጻጽር። አንዱን አጻጻፍ ምረጥና ሌላውን ወደ እሱ አስተካክል። ስሙ የምር ከተለያየ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ድረስ ሊሄድ ይችላል፤ ይሂድ። ስህተቱ አንዴ ፓስፖርት ላይ ከወጣ እሱን ማሳረም ራሱን የቻለ ፕሮሰስ ነው።

ከዩኒቨርሲቲ የወጣችሁ ደግሞ ወጪ መጋራት የፈረማችሁበትን ቀን አስታውሱ። ያንን ሳትጨርሱ ዋናው ዲግሪና ኦፊሻል ትራንስክሪፕት እጃችሁ አይገባም። ብዙ ልጅ ይሄ ትዝ የሚለው የስኮላርሺፑ ማመልከቻ ሊዘጋ ሳምንት ሲቀረው ነው። ከዚያ በኋላ ማረጋገጡ አለ፤ ትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን፣ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ እንደ አገሩም ኤምባሲው። ኤምባሲው ያለው አዲስ አበባ ነው። ለእኛ አንዲት ወረቀት መርሳት ማለት ጊቤን እንደገና መሻገር ማለት ነው፤ መሄጃው ብቻ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ አልጋና ምግቡን ሳንቆጥር።

በነገራችን ላይ ለትምህርት የሚሄድ ሰው ለምን ደላላ እንደሚከፍል እስካሁን አልገባኝም። አብዛኞቹ የኢራስመስ ሙንዱስ (የአውሮፓ ኅብረት የማስተርስ ስኮላርሺፕ) ፕሮግራሞች ለማመልከቻ ሳንቲም አይጠይቁም፤ ስኮላርሺፑን ላገኘ ሰው በወር 1,400 ዩሮ ይከፍላሉ። የእንግሊዝኛ ፈተናው ውድ ነው ለምትሉ፣ አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች ትምህርታችሁ በእንግሊዝኛ እንደተሰጠ የሚገልጽ ደብዳቤ ከሬጅስትራር ካመጣችሁ ይበቃቸዋል። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ራሱ ከቤልጂየም የፍላንደርስ ዩኒቨርሲቲዎችና ከሙኒክ ጋር የቆየ ትብብር አለው። በዚያ መስመር ተምረው የተመለሱ መምህራን እዚሁ ግቢ ውስጥ አሉ። በራቸውን ማንኳኳት በነፃ ነው።

ዲቪ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ቅሌቱ የበዛው እዚያ ነውና። የአሜሪካ መንግሥት ለዚህ ሎተሪ በዓመት የመደበው ቪዛ እስከ 55,000 ነው። የሚመረጠው ሰው ግን ከዚያ ይበልጣል። ስለዚህ «ደረሰህ» ማለት ወረፋ ያዝክ ማለት ነው። የበጀት ዓመታቸው በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 30 ሲያልቅ ቪዛ እጁ ያልገባ ሰው ዕጣው ይቃጠላል። «አሸንፈሃል፣ ገንዘብ ላክ» የሚል ኢሜይል ከመጣልህ ሌባ ነው። ውጤት የሚታየው በራሱ በአሜሪካ መንግሥት ድረ ገጽ ላይ፣ ስትመዘገብ በተሰጠህ የማረጋገጫ ቁጥር ነው።

ቁልፉ ያ ቁጥር ነው። አንዳንድ ኢንተርኔት ቤት የሚሞላው ሰው ፎቶ ያነሳል፣ ቅጹን ይሞላል፣ ብሩን ይቀበላል፣ ቁጥሩ ያለበትን ወረቀት ግን ለራሱ ያስቀራል። «እኔ አይልሻለሁ፣ አታስቢ» ይላል። ውጤት ሲወጣ ቀድሞ የሚያየው እሱ ነው። ከደረሳት ይደውላል፤ የሚደውለው ግን እንኳን ደስ አለሽ ለማለት አይደለም። «ወጪሽን ሙሉ የሚችል ሰው አለ፣ ወረቀት ላይ ብቻ ትጋባላችሁ» ለማለት ነው። እምቢ ካለች ቁጥሩ ጠፋ።

የወረቀት ጋብቻውን ቆንስላው የማያውቅ የሚመስለው አለ። ያውቃል። ሁለቱን ለየብቻ አድርጎ የአማትሽ ስም ማን ነው፣ ቤታችሁ በር ወዴት ነው የሚከፈተው፣ ሠርጉ ላይ ማን ነበር እያለ ይጠይቃል። ውሸቱ ከተያዘ የሚመጣው ዕድሜ ልክ ሊከተል የሚችል እገዳ ነው። ተቃራኒውም አለ፤ የምር አግብቶ «ነጠላ ብል ይቀለኛል» ብሎ ሚስቱን ወይም ልጁን ሳያስመዘግብ የሚሞላ። እሱም ቢደርሰው ይሰረዛል። ኒካህ አስረህ ቀበሌ ሳትመዘገብ የተቀመጥክ ወንድሜ፣ አንተን ነው የማወራው።

ወደ ባንክ እንሂድ። አካውንቱ ላይ ለወራት ሦስት መቶ ብር የነበረው ልጅ፣ ማመልከቻው ሊገባ ሳምንት ሲቀረው ሁለት ሚሊዮን ብር ይገባለታል። ስቴትመንት ይወጣል፣ በማግስቱ ብሩ ወደ ባለቤቱ ይመለሳል፣ ለብድሩም ወለድ ይከፈላል። ይሄ ሥራ ሆኗል፤ የሚያከራዩ ሰዎች አሉ። ፋይሉን የሚያየው ሰው ግን የመጨረሻዋን መስመር ብቻ አይደለም የሚያነበው፤ ገንዘቡ ከየት መጣ የሚለውን ነው። ሕጋቸውም የተጻፈው ይህንን አስቦ ነው። እንግሊዝ ለተማሪ ገንዘቡ ቢያንስ ለ28 ተከታታይ ቀናት አካውንት ላይ መቆየት አለበት ትላለች። ጀርመን ዝግ አካውንት (ብሩ በየወሩ በመጠኑ ብቻ የሚወጣበት) ውስጥ ለዓመት 11,904 ዩሮ ትጠይቃለች። ካናዳ ከትምህርት ክፍያውና ከትኬቱ ሌላ ለመኖሪያ 22,895 የካናዳ ዶላር ማሳየት አለብህ ብላለች። ብራችን ሐምሌ 2016 ላይ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ እነዚህ ቁጥሮች ለእኛ የት እንደደረሱ ማስላት ያማል። ከመለቀቁ በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር።

ከሌለህ የለህም። መራራ ነው፤ ግን ሐሰተኛ ስቴትመንት ከዚህም ይከፋል። ካናዳ ላይ ሐሰተኛ ሰነድ ከተያዘብህ አምስት ዓመት፣ እንግሊዝ ላይ አሥር ዓመት በሩ ይዘጋብሃል። ሰነዱን የሠራው ልጁ መሆኑ አያድንህም፤ ፊርማው ያንተ ነው። ልጁ ስልኩን ይዘጋል፣ ሌላ ሲም ያወጣል፣ አለቀ።

ውጭ ያለ ዘመድ ምክርስ? ይጠቅማል፤ ግን የቆየ ምክር ነው። የአጎትህ ልጅ እንግሊዝ በአረጋውያን እንክብካቤ ሥራ ገብቶ ከሆነ አልዋሸህም። ነገር ግን ያ መንገድ ከውጭ አገር ለሚቀጠር አዲስ ሠራተኛ ሐምሌ 2017 ላይ ተዘግቷል፤ ዛሬም ጅማ ውስጥ የሚሸጥላችሁ ካለ የተዘጋ በር ነው የሚሸጠው። አክስትህ ሼንገን (የአውሮፓ አገሮችን የጋራ ቪዛ) በሁለት ሳምንት አገኘሁ ካለችህ እሷም እውነቷን ነው። የአውሮፓ ኅብረት ግን ሚያዝያ 2016 ላይ ለኢትዮጵያውያን መደበኛውን የ15 ቀን ጊዜ ወደ 45 ቀን አራዘመው፣ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛም እንዳይሰጥ ወሰነ፤ ሊመለሱ የሚገባቸውን ዜጎች በመቀበል ላይ መንግሥታችሁ አልተባበረንም በሚል። የማመልከቻው 90 ዩሮ ደግሞ ቢከለክሉህም አይመለስም። ቲክቶክ ላይ መኪና ውስጥ ተቀምጦ «ቀላል ነው፣ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ» ስለሚለው ሰው ምንም አልልም። የኤምባሲውን ገጽ አንብቡ። እንግሊዝኛው ከከበዳችሁ የሚያነብ ታናሽ ወንድም አይጠፋም።

አሁን ከሁሉም የሚያንገበግበኝን ላንሳ፤ አረብ አገር። በዞናችን ወረዳዎች ቡና ተለቅሞ ብር እጅ በሚገባበት ሰሞን ደላላውም ይበዛል። እናት የቡና ማሳዋን ታስይዛለች፣ ልጅቷ ትሄዳለች። የምትከፍለው ለምን እንደሆነ እናትየዋን ብትጠይቋት «ለቪዛው፣ ለትኬቱ» ትላለች። እናቴ፣ ይሄንን አንቺ አይደለሽም የምትከፍይው። በ2008 የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 የመግቢያ ቪዛን፣ የደርሶ መልስ ትኬትን፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድን፣ የመድን ዋስትናን የሚሸፍነው አሠሪው እንደሆነ ይደነግጋል። ሠራተኛዋ የምትከፍለው የፓስፖርቷን፣ የጤና ምርመራዋን፣ የክትባቷን፣ የልደት ሰነዷን የመሳሰለውን ነው። ለቪዛ ብሎ ብር የጠየቀሽ ሰው ወይ ሌባ ነው፣ ወይ በሕጋዊው መንገድ አይደለም የሚልካት።

ዕድሜዋን አታስጨምሩ። የ16 ዓመት ልጅ መታወቂያ ላይ 22 ስትባል ያኔ ጉዳዩ ያለቀ ይመስላል። እዚያ ታማ ሆስፒታል ስትገባ፣ ታስራ ቆንስላ ሲፈልጋት፣ ወይም ደመወዟን ተከልክላ ስትከስ፣ ወረቀቱ ላይ ያለችው ሌላ ሴት ናት። ከመሄዷ በፊት የኮንትራቱን፣ የፓስፖርቱንና የኤጀንሲውን ፈቃድ ፎቶ አንስታ ለእናቷም ለወንድሟም ስልክ ትላክ። እዚያ ስትደርስ ፓስፖርቷን ሊቀሟት ይችላሉ፤ ቤት የቀረው ፎቶ ግን አለ። የአሠሪዋ ሙሉ ስምና የምትሄድበት ከተማም ቤት ይታወቅ። «ሪያድ አካባቢ» አይበቃም። ኮንትራቷ በሥራና ክህሎት ሚኒስቴር በኩል ካላለፈ ደግሞ አትሂድ። እዚህ ላይ «አትሂድ» እላለሁ።

በመጨረሻ ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ፤ ፕሮሰስ ስጀምር ሥራዬን ልልቀቅ? ኧረ በፍጹም። ለጉብኝት ወይም ለአጭር ሥልጠና ከሆነ የምታመለክተው፣ ቆንስላው የሚፈልገው ወደ አገርህ የሚመልስህ ነገር እንዳለ ማየት ነው፤ ከመሥሪያ ቤትህ የምታመጣው የሥራና የፈቃድ ደብዳቤ ከጠንካራ ወረቀቶችህ አንዱ ነው። ሥራ የለቀቀ ሰው ያንን ወረቀት በገዛ እጁ ቀደደው። ባጃጅህንም አትሽጥ፣ የተከራየሽውን ሱቅም አትልቀቂ። ትኬትም አትቁረጡ፤ ለሼንገን ማመልከቻ የሚጠየቀው የጉዞ ቡኪንግ እንጂ የተከፈለ ትኬት አይደለም። መልቀቂያ የሚገባው ፓስፖርቱ ተመልሶ እጃችሁ ከገባ፣ ቪዛው ላይ ያለው ስምና ቀን አንድ በአንድ ከተነበበ በኋላ ነው።