ለቋንቋችሁ ትጮኻላችሁ፤ መጽሐፉን ግን አትጠይቁም

የአዲስ አበባ ሰዎች፣ አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ሳትቆጡ መልሱልኝ። «ቋንቋዬ ተናቀ» ብላችሁ ሌሊቱን ሙሉ ስልክ ላይ አፍጥጣችሁ የማታውቁትን ሰው ስትሰድቡ የምታነጉ፣ በዚያው ቋንቋ የታተመ መጽሐፍ ከቤተ መጻሕፍት ጠይቃችሁ ያነበባችሁት መቼ ነው? በወዲያኛው ወገን የተሰለፋችሁትስ፣ «ሁሉም በአማርኛ ቢያነብ ምን ይጎዳል?» የምትሉት፣ ጠበቃ የቆማችሁለትን አማርኛ ስታነቡ ያያችሁ ማን ነው? ሁለታችሁንም አውቃችኋለሁ፤ የምንሳፈረው በአንድ ታክሲ ነው።

ቦታ የለም የሚለው ሰበብ እንደ ድሮው አያስኬድም። አራት ኪሎ፣ ከፓርላማው አጠገብ፣ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ተከፍቷል። ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት፣ ወመዘክር፣ ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ አሳታሚ ሁሉ ከሚያሳትመው ቅጂ እንዲያስገባለት ሕግ ስለሚያስገድድ፣ የአገሪቱ ቋንቋዎች አንድ ላይ ሊገኙበት የሚገባው ቤት እሱ ነው። ስድስት ኪሎ ብትወጡ በ1955 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የብራና መጻሕፍቱን ይዞ ተቀምጧል። ለሚሊዮኖች ከተማ ይህ ይበቃል አልልም፤ በየሰፈሩ ገና ብዙ ይቀራል። ግን ያለውንስ ምን አደረግነው?

ወንበር አደረግነው። ጠዋት በሩ ሲከፈት ተጋፍተን እንገባለን፣ ለጓደኛ በቦርሳ ቦታ እንይዛለን፣ ከቤት ያመጣነውን ሃንድአውት እንዘረጋለን፣ ቻርጀር የምንሰካበትን እንፈልጋለን፣ ማታ እንወጣለን። መደርደሪያው ጋ ሳንደርስ። ተማሪውን አልወቅስም፤ ስድስት ሰው በሚተኛበት ክፍል ለማትሪክ ማጥናት ምን እንደሆነ የቀመሰው ያውቀዋል። የምወቅሰው ደሞዝ የሚቆጥረውን፣ ወልዶ ያሳደገውን፣ «ቤተ መጻሕፍት የተማሪ ነው» ብሎ ከደጁ የራቀውን ትልቅ ሰው ነው። ያልተጠየቀ መጽሐፍ ማን ይገዛል? ተገዝቶ ማንም ያልነካውስ ለከርሞ በጀት እንዴት መከራከሪያ ይሆናል? የሲዳምኛ መደርደሪያ ባዶ ነው ብለህ የምትጮኸው ወንድሜ፣ አንድ ቀን እንኳ ሄደህ ጠይቀህ ነበር?

የጠየቀ ሰው ሲመጣ ደግሞ የምናደርገውን ስሙ። በቅርቡ መሀል ከተማ ባለ አንድ ቤተ መጻሕፍት፣ የአምስት ስድስት ዓመት ልጅ በእጇ የያዘች እናት ለልጇ የሶማሊኛ ተረት መጽሐፍ እንዳለ ጠየቀች። ሠራተኛዋ ትሁት ነበረች፤ ኮምፒውተሩ ላይ ፈለገች፣ ተነሥታም አየች። ያገኘችው አንድ መዝገበ ቃላት ብቻ ነው። ከኋላ የተሰለፈ፣ አለባበሱ ያማረ ጎልማሳ ቸኩሎ ነበርና «እህቴ፣ ከዚህ ሁሉ አማርኛ አይሻለውም?» አላት። ዞር ብላ፣ ከእሱ በጠራ አማርኛ፣ «አማርኛውንማ ትምህርት ቤት እየተማረው ነው። ከአያቱ ጋር የሚያወራበትን ነው የፈለግሁት» አለችው። ሰልፉ ሳቀ፤ በማን እንደሳቀ ግን እስካሁን አልገባኝም። ጥቂት ቆይታ ልጇን ይዛ ወጣች፤ መዝገበ ቃላቱ ጠረጴዛው ላይ ቀረ።

እኛው ነን እንግዲህ፣ ሲያትል ያለ ዘመድ የከተማውን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የአማርኛ መደርደሪያ ፎቶ አንሥቶ ሲልክልን እልል የምንለው። ዋሽንግተን ዲሲ በ2004 እ.ኤ.አ. ባወጣው የቋንቋ ሕግ መሠረት የከተማው መሥሪያ ቤቶች ከሚያስተረጉሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው ሲባል ደረታችን ይነፋል። እዚያ ሰልፍ ላይ አንዱ ፈረንጅ ለሐበሻዋ እናት «እንግሊዝኛ አይሻለውም?» ቢላት ግን ዘረኛ ብለን በሦስት አህጉር ስሙን እናጠፋው ነበር። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት ይህ ነው።

የቤተ መጻሕፍት ሙያው ይህን ከወሰነ ቆይቷል። ኢፍላ የሚባለው ዓለም አቀፍ የቤተ መጻሕፍት ማኅበራት ፌዴሬሽን በ2006 እ.ኤ.አ. ያጸደቀው፣ ዩኔስኮም በ2009 የተቀበለው የመድብለ ባህል ቤተ መጻሕፍት ማኒፌስቶ አለ። ቤተ መጻሕፍት በባህልና በቋንቋ ሳይለይ ሁሉንም ያገልግል ይላል፤ መረጃውን ለአንባቢው በሚስማማው ቋንቋና ፊደል ያቅርብ፣ ሠራተኞቹም የሚያገለግሉትን ሕዝብ ይምሰሉ ይላል።

ፊደል ያለው ነገር ለእኛ ከማንም በላይ ነው። ኦሮምኛን ውሰዱ። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ አናሲሞስ ነሲብ መጽሐፍ ቅዱስን ሲተረጉምበት የጻፈው በግዕዝ ፊደል ነው። በሪሳ ጋዜጣም ሲጀመር የታተመው በዚሁ ፊደል ነበር። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ቀስ በቀስ 15 ቋንቋዎች ሲደርስ፣ መማሪያዎቹ በሙሉ የተዘጋጁት በግዕዝ ፊደል ነው። ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ቁቤ፣ የላቲኑ ፊደል፣ መጣ። በዘመቻው ማንበብ የተማረ አባት የልጁን ደብተር ማንበብ ያቅተዋል፤ ልጁ ደግሞ አባቱ ያነበበውን ጋዜጣ ገልጦ እንደ ሥዕል ያየዋል። ቋንቋቸው አንድ ነው፤ እራት ላይ እንደ ልባቸው ያወራሉ፤ ወረቀት ሲመጣ ይለያያሉ። በወሎና በሐረር በዐረብኛ ፊደል፣ በአጀሚ፣ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም ሐረሪውንም የጻፉት ሸኾች ሲጨመሩ ነገሩ ይበልጥ ይሰፋል፤ አማርኛ በዐረብኛ ፊደል ሲጻፍ ኖሯል ሲባል የሚደነግጥ የአማርኛ ተሟጋች አይቻለሁ። ይህን ሁሉ ጎን ለጎን ደርድሮ፣ አባትና ልጅን አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ፣ ሁለቱንም ፊደል የሚያነብ ሠራተኛ መድቦ ሊያገናኛቸው የሚችል ቤት ከሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሌላ የት ታውቃላችሁ? መጽሐፍ ቤቱ የሚሸጥለትን ያመጣል፤ ትምህርት ቤቱም ሥርዓተ ትምህርቱን ተከትሎ ይሄዳል።

በብዙ ቋንቋና ፊደል ማስነበብ የዘመኑ ፈሊጥ ነው የሚል ካለ አክሱም ይሂድ። ኢዛና በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ድሉን ድንጋይ ላይ ሲያስቀርጽ በግዕዝ፣ በሳባ ፊደልና በግሪክኛ ነው ያስቀረጸው። ማን እንደሚያነብለት ያውቅ ነበር።

መደርደሪያዎቹም የምንፈራውን ያህል የተራራቁ አይደሉም። ዲዊ በሚባለው የመጻሕፍት የቁጥር አከፋፈል በሚደረደር ቤት አማርኛ 492.87 ላይ፣ ኦሮምኛ 493.55 ላይ ይገኛል፤ እጃችሁን ዘርግታችሁ ሁለቱንም ልትነኩ ትችላላችሁ። (ዲዊ ራሱ ለአውሮፓና ለአሜሪካ ሥነ ጽሑፍ ሰፊ ቦታ አድሎ የቀረውን ዓለም 890 ውስጥ አጭቆታል። እሱን ሌላ ቀን እንገሥጸዋለን።)

በሕግ በኩል የጎደለን ብዙ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ ለአገሪቱ ቋንቋዎች ሁሉ እኩል እውቅና ሰጥቷል። በየካቲት 2012 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ባጸደቀው የቋንቋ ፖሊሲ አፋን ኦሮሞ፣ ትግርኛ፣ ሶማሊኛና አፋርኛ ከአማርኛ ጋር የፌዴራል የሥራ ቋንቋ እንዲሆኑ ተወስኗል። ያኔ ያጨበጨባችሁም ያለቀሳችሁም አላችሁ። ፖሊሲ ግን መጽሐፍ አያነብም።

ስለ ልገሳችሁ ሳልናገር አላልፍም፤ ያሳፍራል። መጽሐፍ ለግሱ ሲባል ምን ይዘን እንደምንሄድ አንድ ካርቶን ሲከፈት ቆሜ አይቻለሁ። መልሱ በእስክሪብቶ የተሞላ የ8ኛ ክፍል ሒሳብ፣ የዊንዶውስ 98 መማሪያ፣ ያለፈበት የባንክ አጀንዳ፣ ሽፋኑ የረገፈ የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ፣ ግማሹን አይጥ የበላው። ሠራተኞቹ አመሰገኑ፣ ከለጋሾቹ ጋር ፎቶ ተነሡ፣ ከዚያ ለመለየት ቀኑን ሙሉ አቧራ ሲቅሙ ዋሉ። ቤታችሁን ማጽዳት ከፈለጋችሁ ቆራሌው በየቀኑ በሰፈራችሁ ያልፋል። ለቤተ መጻሕፍት የሚሰጥ መጽሐፍ ራሳችሁ ለልጃችሁ የምትገዙት ዓይነት ይሁን። ክልል ከተሞች የሚታተመው ብዙው መጽሐፍ አዲስ አበባ መጽሐፍ ቤቶች አይደርስም፤ ከሐዋሳ፣ ከጅግጅጋ፣ ከመቀሌ ስትመለሱ ሻንጣችሁ ለልብስና ለበርበሬ ቦታ ካላት ለሁለት የልጆች ተረት አትጠብም።

አሁን ይህን ያነበበ ሁሉ «ልክ ነው» ብሎ እንደሚያልፍ አውቃለሁ። አትለፉ። በአቅራቢያችሁ ወዳለው ቤት ሂዱና መጽሐፍ ጠይቁ። የለም ከተባላችሁ ርዕሱን፣ ቋንቋውን፣ የታተመበትን ከተማ ጽፋችሁ ስጡ፤ ተመልሳችሁም «ምን ደረሰ?» በሉ፤ መሥሪያ ቤት የሚነቃው ሲመላለሱበት ነው፣ ይህንን ከመሬት ጉዳይ ተምራችሁታል። ለልጆች ተረት የሚነበብበት ሰዓት እንዳለም ጠይቁ። ካለ በስንት ቋንቋ ነው? በአንድ ብቻ ከሆነ፣ ጡረታ ወጥታችሁ ቤት የተቀመጣችሁ ጉራጊኛ፣ ከምባትኛ፣ ትግርኛ፣ ኦሮምኛ የምታውቁ መምህራን፣ ማን እስኪጠራችሁ ነው የምትጠብቁት? መነጽራችሁንና መታወቂያችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ኃላፊውን አስጠርታችሁ አንድ ሰዓት ይሰጠን በሉት።