ካርታው ከመሳቢያ ይውጣ

ልጅ ካርታ ይዞ ሲታይ የብዙ ወላጅ ፊት ይቀየራል። ቁማር ነዋ! ቁማር የሚያደርገው ግን ብሩ እንጂ ወረቀቱ አይደለም። ብሩን አንሱት፤ የሚቀረው ቁጥር ነው።

ክረምት ሲመጣ የአስጠኚ ማስታወቂያ ይበዛል። አስጠኚ አልቃወምም። አንደኛ ክፍል ላልደረሰ ልጅ ግን ለሒሳብ ብሎ ሰው መቅጠር ይበዛል ባይ ነኝ። ለዚህ ዕድሜ አንድ እሽግ ካርታ ይበቃል።

ጊታ ራማኒ እና ሮበርት ሲግለር የተባሉ ተመራማሪዎች አሜሪካ ውስጥ ከድሃ ቤተሰብ የመጡ የመዋዕለ ሕፃናት ልጆችን አጫውተው ውጤቱን በ2008 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። ጨዋታው ካርታ ሳይሆን ከ1 እስከ 10 የተጻፈበት ሰሌዳ ነበር። በ2 ሳምንት ውስጥ 4 ጊዜ፣ በየጊዜው ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ብቻ ተጫወቱ። የልጆቹ የቁጥር ዕውቀት ጨመረ፤ ከ9 ሳምንት በኋላም አልጠፋም። በቁጥር ፈንታ ቀለም ባለበት ሰሌዳ የተጫወቱት ግን ለውጥ አላሳዩም። ስለዚህ ማንኛውም ጨዋታ አይሆንም፤ ቁጥር ይኑርበት።

ካርታ ላይ ደግሞ ቁጥሩም ብዛቱም አብረው አሉ። 7 የተጻፈበት የልብ ካርታ መሃል ላይ 7 ልብ ተሥሏል። ልጁ ከተጠራጠረ በጣቱ እየነካ ይቆጥራል።

ለትንሹ፣ ሁለታችሁም አንድ አንድ ካርታ ግለጡ፤ ትልቁን ያወጣ ሁለቱንም ይወስዳል። ይኸው ነው። ሲለምደው ሁለት ሁለት ገልጣችሁ ደምሩ።

እኔ የምወደው «አስር ሙላ»ን ነው። ሥዕል ያለባቸውንና ጆከሩን አውጡ፤ «ኤ» 1 ይሁን። 40 ካርታ ይቀራል። በውዙና 12ቱን ገልጣችሁ ደርድሩ። ተራ የደረሰው ድምራቸው 10 የሆኑ ሁለት ካርታዎች ያነሳል፤ 3 እና 7፣ 4 እና 6 እያለ። 10 ብቻውን ይነሳል። ክፍተቱን ከክምሩ ትሞላላችሁ፤ ጥንድ ከጠፋ አንድ ጨምሩ። ማንም ካልተሳሳተ መጨረሻ ላይ አንድም ካርታ አይተርፍም። ተርፎ ካያችሁ የሆነ ቦታ አንዱ 6ን ከ3 ጋር አንስቷል ማለት ነው። መልሱን የሚያርም መምህር አያስፈልግም፤ ጨዋታው ራሱ ያጋልጣል።

ከፍ ላሉት ማባዛት አለ፤ ኮንከርም አለ፣ ተከታታይ ቁጥር ወይም ተመሳሳይ ቁጥር መሰብሰብ ስለሚጠይቅ። «ቶሎ ያለ ያሸንፋል» የሚለውን ግን ተዉት። ፈጣኑ ይደሰታል፣ ዘገምተኛው «ሒሳብ አልችልም» ብሎ ይቀራል።

ነጥብ የሚመዘግበው ልጁ ይሁን። ሲሳሳት እርሳሱን አትንጠቁት። ወንድም ወይም እህት ካለው ስህተቱ አያልፍም፤ የተበለጠው ራሱ «ቆይ ቆይ፣ እንደገና ደምር!» ብሎ ይጮኻል።