ለጉንፋን ባሕር ዳር፣ ለትርፍ አንጀት ወጌሻ

የጎጃም ሰው በሽታን አይመርጥም፤ መታከሚያውን ግን ያውቅበታል። ይህን ጥበብ ወጥቶ የሚያመሰግን ሰው እስከ ዛሬ አላየሁምና ልጀምረው።

የጥበቡ ራስ ሕመሙ ቀላል ሲሆን ሩቅ መሄድ ነው። አፍንጫ ሲዘጋና ጉሮሮ ሲከረክር፣ አስተዋይ የሜጫ ሰው በደጁ ያለውን ጤና ኬላ በግርማ ሞገስ ያልፈዋል። ጤና ጣቢያውን ዞሮም አያየው። የመራዊን ሆስፒታል በመኪና መስኮት ተሰናብቶ ባሕር ዳር ይገባል። ጤና ኬላማ ምን ሊሠራለት? እዚያ የምትቀመጠው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ የጎረቤት ልጅ ናት፤ ንፍሮ ስትቆረጥም ያደገች ልጅ እንዴት ብላ እሱን ታክማለች? ጣቱን ወግታ ከአንዲት ጠብታ ደም ወባ መኖር አለመኖሩን በሩብ ሰዓት ገደማ ትለያለች፤ ከተገኘበትም መድኃኒቱን እዚያው ትሰጠዋለች። የሕፃን ትንፋሽ ቆጥራ የሳንባ ምችንም ታክማለች። ይህ ሁሉ ግን ስፔሻሊስት አያሰኛት። ደግሞስ ዕድር ላይ «የት ታከምክ?» ሲባል «እዚህ ጤና ኬላ» ብሎ መመለስ ምን ዓይነት ውርደት ነው? «ባሕር ዳር ድረስ ወስደውኝ» ሲል ግን ጠላ ቀጂዋ እንኳ ቆም ብላ ትሰማለች።

ጎህ ሳይቀድ ካርድ ክፍሉ ደጃፍ ላይ ብትገኙ ይህንን ጀግና ጋቢውን ተከናንቦ ታገኙታላችሁ። ወረፋው ደርሶት ነርሷ ሙቀቱንና ግፊቱን ለክታ፣ አስቸኳይ አይደለም ስትል ከአረንጓዴው ትመድበዋለች። ያን ጊዜ ነው ቁጣው።

«እኔን ነው አረንጓዴ ያልሽኝ እህቴ? ከሜጫ ድረስ መጥቼ?»

«አባባ፣ ቀዩ ለጠናበት ሰው ነው። ይኸው ያኛው ደም እየፈሰሰው ነው።»

«እሱማ ከዚሁ ከቀበሌ 14 ነው የመጣው! ምን መንገድ ተጓዘ?»

ሙግቱ ምን ይወጣለታል? በአገራችን የጤና አደረጃጀት አንድ ጤና ኬላ ከ3,000 እስከ 5,000 ሰው፣ የገጠር ጤና ጣቢያ ከ15,000 እስከ 25,000 ሰው፣ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ደግሞ ከ3.5 እስከ 5 ሚሊዮን ሰው እንዲያገለግል ታስቧል። ከሚሊዮኖች ጋር ተሰልፎ ማሳል ከአምስት ሺህ ሰው ጋር ከማሳል ይበልጣል፤ ክብሩም በዚያው ልክ ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን መዋጮውን በዓመቱ ከፍሎ፣ ያለ ሪፈር ወረቀት በመምጣቱ ብቻ እንደገና ከኪሱ ሲከፍልም አይከፋውም። ሁለት ጊዜ መክፈል የሚችል ሰው ድሃ ሊባል ነው?

እርግጥ ጤና ጣቢያው ራሱ ለዚህ ጉዞ ስንቅ ይቋጥራል። መርምሮ ሲያበቃ «መድኃኒቱ የለም፣ ከውጭ ግዛ» የሚልበት ቀን ጥቂት አይደለም፤ መድህን ያለው ሰው በዚያ ቢማረር አልፈርድበትም። የእኛ ጀግና ግን መድኃኒት መኖር አለመኖሩን እንኳ ጠይቆ አያውቅም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥበብ ልሻገር፤ ሕመሙ ሲከፋ አለመንቀሳቀስ። እዚህ ላይ የወገኔ ትዕግሥት እጅ ያስነሳል። የአባወራው አፍ በድንገት ተጣሞ አንድ እጁ አልነሣ ሲለው፣ ቤተሰቡ «ነፋስ ነው፣ ይደር» ብሎ ጋቢ ይደርብለታል። አንጎል ደም ሲቋረጥበት እንደማይታገሥ ማን ይነግረዋል? ልጁን ውሻ ሲነክሰውም የውሻው ጠባይ ይጣራል። «የእነ አያ እንትና ነው፣ ጨዋ ውሻ ነው» ከተባለ ጉዳዩ ተዘጋ። ቁስሉን ወዲያው ለ15 ደቂቃ ያህል በውኃና በሳሙና ማጠብ፣ ከዚያም ሳይውሉ ሳያድሩ ለክትባት መሄድ ለጨዋው ውሻ ስድብ ይሆንበታል። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚያድን መድኃኒት የለም፤ ቢሆንም ከጎረቤት ጋር ከመቀያየም ይሻላል።

ፋርማሲውን ሳላነሣ ብቀር ግፍ ነው። ካርድ የለ፣ ወረፋ የለ፣ ምርመራ የለ። «ለሆድ የሚሆን ስጠኝ፣ ያንን ባለ ሁለት ቀለሙን» ማለት ብቻ ይበቃል። ባለ ሁለት ቀለሙ ፀረ ተሕዋሲያን ይሁን ሌላ የሚጠይቅ የለም፤ ጎረቤትን አሽሎታል። ሲሻለውም ቀሪው ለከርሞ ሳጥን ውስጥ ይገባል።

ባለፈው ክረምት ነው፤ አንድ የሠፈራችን ጎረምሳ እምብርቱ አካባቢ ጀምሮ ወደ ቀኝ የታችኛው ሆዱ የወረደ ሕመም ያዘው። ወጌሻ መጥቶ በቅቤ አሸው። ማግሥቱን ማስታገሻ ተገዛለት። ሕመሙ ድንገት ጋብ ሲልለት ቤቱ በእልልታ ተሞላ፤ ለካ ትርፍ አንጀቱ ፈንድቶ ኖሯል። ሆዱ እንደ ከበሮ ተወጥሮ ሆስፒታል ሲደርስ፣ የቀዶ ጥገና ሐኪሙ ጓንቱን እያጠለቀ «እስካሁን የት ነበራችሁ?» አለ።

ለጉንፋኑ በዓመት ስንቴ ባሕር ዳር የሚመላለሱት አባቱ ባርኔጣቸውን አውልቀው መለሱ፦

«ኧረ ዶክተር፣ እኛ በትንሽ በትልቁ ሐኪም ማስቸገር አንወድም።»