የባንኮክ ባሕታዊና የጋሼ ግፊት

ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሴትዮ ናቸው ያዋረዱኝ። ባንኮክ፣ ሉምፒኒ ፓርክ ውስጥ፣ በጠዋቱ እንቅስቃሴ ስንሠራ፣ ሰው ሁሉ እያየ። ወገቤን በሁለት እጃቸው ያዝ አድርገው አቃኑኝና «ቻ ቻ!» አሉኝ። በታይኛ ቀስ በል ማለት ነው። እኔ ደግሞ «ቻለው፣ ቻለው» የሚሉኝ ይመስል ትንፋሼን ውጬ መዳፌን ወደ ላይ እንደ ጉድ ገፋሁ። ፊቴ በርበሬ መሰለ። ሴትዮዋ ደንግጠው ውሃ አመጡልኝ።

ትንፋሽ ይዞ መግፋት ለእንደኔ ዓይነቱ ክልክል ነው፤ ግፊት ሽቅብ ይወጣል። ባንኮክ ለሥራ በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት ስለካ 158 በ96 ሆኜ ተገኘሁ። ሐኪሟ አምሎዲፒን የሚባል የግፊት ክኒን አዘዘችልኝ፣ ጨው ቀንስ አለችኝ፣ ከዚያ አንድ ወረቀት ሰጠችኝ። ወረቀቱ ላይ አንድ ጢማም ሽማግሌ እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ ቆሟል። ጠበል የላከችኝ ነበር የመሰለኝ።

ሽማግሌው ለካ ባሕታዊ ነው። እንቅስቃሴው «ሩሲ ዳት ቶን» ይባላል፤ ራሱን የሚያቃና ባሕታዊ እንደማለት። ጫካ ገብተው ሲያሰላስሉ የሚውሉት ሰዎች፣ መቀመጥ ሲያደነዝዛቸው ሰውነታቸውን የሚያፍታቱበት ነው አሉ። ዋት ፖ የሚባለው ትልቁ ቤተ መቅደስ ሄጄ ሐውልቶቻቸውን አይቻለሁ። ንጉሥ ራማ ሦስተኛ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1836 ሰማንያ የባሕታዊ ሐውልት አሠርተው፣ የትኛው አቋቋም ለየትኛው ሕመም እንደሚሆን በግጥም አስጽፈው አቆሙ። ዛሬ ግቢው ውስጥ የቀሩት ሃያ ምናምን ናቸው። አንዱ እግሩን አንገቱ ላይ ሰቅሏል። እሱን አልሞከርኩትም።

የእኛ አገር ባሕታዊ ከበረሃ ወጥቶ ገበያ መሃል ሲጮህ የሰው ግፊት ሲጨምር ነው የማውቀው።

ሥራው ሲታይ ቀላል ነው። በአፍንጫ አየር ታስገባለህ፣ ጣቶችህን አቆላልፈህ መዳፍህን ወደ ላይ ትገፋለህ፣ ቀስ ብለህ እያስወጣህ ትመለሳለህ። ጉልበት አይጠይቅም። ዋናው ትንፋሹ ነው። ረጋ ብለህ ስትተነፍስ የልብ ምትህ ይረጋል፣ የደም ሥርህም ላላ ይላል። ሐኪሟ «ጥቂት ቁጥር ያወርድልሃል፣ ክኒኑን ግን አይተካም» ብላ ሁለቴ ደጋግማ ነግራኛለች። ባሕሪያችንን አውቃለች መሰል።

ደሞ ታይላንዶቹ መላእክት አይደሉም። እንቅስቃሴውን ጨርሰው «ናም ፕላ» የሚሉትን ጨው በጨው የሆነ የዓሣ ፈሳሽ ሩዛቸው ላይ ያንቆረቁሩታል። ግን ጠዋት ይመጣሉ። አያቶች ናቸው የሚመጡት። ሁለት ሰዓት ላይ የሕዝብ መዝሙር ሲሰማ የሚሮጠውም የሚወዛወዘውም ባለበት ቀጥ ይላል። የማይቆመው ሐይቁ ዳር የሚንጎማለለው አርጃኖ ብቻ ነው።

እኔን የሚያንገበግበኝ እነዚያ አያቶች ናቸው። የእኛ እናቶች መታጠፍ ተስኗቸው እኮ አይደለም! እናቴ በሕማማት የምትሰግደውን እነዚህ ሰዎች ቢያዩ ዋት ፖ ውስጥ ሐውልት ያቆሙላት ነበር። ፋሲካ ሲያልፍ ግን «ትንሽ እጅሽን አንሺ» ብትላት «በስተርጅና ልታስቅብኝ ነው?» ትልሃለች።

አምና አዲስ አበባ አክስቴ ቤት አርፌ ጠዋት ግቢ ውስጥ ጀመርኩ። ዓይኔን ጨፍኜ፣ እጄን ዘርግቼ። ዘበኛው አየኝና ሮጦ አክስቴን ጠራ። አክስቴ በነጠላዋ፣ የጠበል ጀሪካን ይዛ ከች። «ምን አስነክተውት ነው የላኩት?» እያለች ፊቴ ላይ ረጨችው። በሰኔ ብርድ! ከዚያ ቀን ጀምሮ ሽንት ቤት ውስጥ ተደብቄ ነበር የምሠራው። ቁርስ ላይ ደግሞ ጨው የበዛበት ፍርፍር ቀርቦልኝ፣ ትንሽ ብዬ ስተው «አኮረፍክ እንዴ?»

ይኸው አጎቴ ዘንድሮ ለምርመራ ባንኮክ መጡ። ያልተመረመረ የአካል ክፍል አልቀራቸውም። መጨረሻ ላይ ሐኪሙ የግፊት ክኒን አዘዘና ያንኑ ጢማም ሽማግሌ ያለበትን ወረቀት ሰጣቸው። ጋሼ ወረቀቱን ገለበጡት፣ ዘቀዘቁት።

«መርፌ የለውም?»

«የለውም ጋሼ። በየቀኑ የሚሠሩት እንቅስቃሴ ነው።»

«እጄን ላነሳ ነው ይህን ሁሉ ዶላር ከየትም ለቃቅሜ የመጣሁት?»

ሉምፒኒ ወሰድኳቸው። አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው እኔንና ሴትዮዋን ሲያዩ ቆዩ። አርጃኖ ሲያልፍ አማተቡ። ተነሱ ብላቸው እምቢ አሉ።

ባለፈው ሳምንት ከአዲስ አበባ ደወሉ።

«አንተ ልጅ፣ ክኒኑ አልቋል፤ ላክልኝ።»

«ጋሼ፣ አምሎዲፒን እኮ እዚያው ፋርማሲ ይገኛል።»

«የባንኮኩን ነው የምልህ!»

«እሺ። እንቅስቃሴውንስ ይሠራሉ?»

«እሱን እዚያው አንተ ሥራልኝ።»